ዝምታ ቴፕ ይበላል

ከባተርሲ ወደ ስትሪትሃም በሚመልሰኝ አውቶቡስ፣ ፎቁ ላይ፣ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ከታች ነው የሚቀመጠው፤ እኔ ግን እዚያ ስቀመጥ አውቶቡሱን የምነዳው ስለሚመስለኝ እያቃሰትኩም ቢሆን ደረጃውን እወጣለሁ። ከኋላዬ አንዲት ሴት በአማርኛ "ጥርስሽ ወጣ?" አለች። ዞር አላልኩም። ለንደን ውስጥ አማርኛ ሰምተህ ዞር ካልክ ሰላምታ ትጀምራለህ፣ ሰላምታ ከጀመርክ ደግሞ የሰውየውን አክስት የጉልበት ሕመም ሳትጠይቅ አትላቀቅም፣ ፌርማታህ ያልፍሃል። ሴትየዋ ጥቂት ዝም አለች፤ የሚመልስላትን ሰው የምትሰማ ትመስላለች። ከዚያ ሳቅ ብላ "ስንት?" አለች። ይሄኔ ማጅራቴ ላይ ያለው ፀጉር ቀጥ ብሎ ቆመ። ሌላ ፀጉር ስለሌለኝ የሚቆመው እሱ ብቻ ነው። ድምፁን አውቀዋለሁ። ፊቷ ሊመጣልኝ አልቻለም፣ ስሟንማ ዱሮም አላውቀውም፤ ግን ከ"ስንት?" ቀጥላ የምትለውን አውቅ ነበር። ከንፈሬ ቀደማት። "ታዲያ አያትሽን እንዳትነክሻቸው!" ከኋላዬም ሴትየዋ "ታዲያ አያትሽን እንዳትነክሻቸው!" አለች።

ዞር ስል ሴት የለችም። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ልጃገረዶች አንድ ስልክ ላይ ጭንቅላታቸውን ገጥመዋል። አንደኛዋ ፀጉሯ እንደ ገብስ ነዶ ቢጫ ነው። ስልኩ ሲናገር እሷም እኩል ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ስልኩ ዝም ሲል እሷም አንገቷን ዘንበል፣ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ ታዳምጣለች። አንድ የአማርኛ ቃል የማታውቅ የእንግሊዝ ልጅ፣ ልክ እንደዚያች ሴት። አፍጥጬ ስቀር "አር ዩ ኦልራይት?" አለችኝ። ኦልራይት ነኝ አልኳት፣ ውሸቴን። ፌርማታዬም አልፎኝ ነበር።

ያኔ እኔ ቪዲዮ ተክሌ ነበርኩ። ያኔ ስል ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ ዓመት መቁጠር የጀመርኩት ጡረታ ስወጣ ነው። የአውቶቡስ ትኬት የሚቆርጠው ሰውዬ ከአንገቱ ያንጠለጠላትን ማሽን እየጠመዘዘ የሚመጣበት፣ የድንች ጥብስ በወረቀት ተጠቅልሎ ኮምጣጤው እጅጌ ውስጥ የሚንጠባጠብበት፣ ኪሱ ውስጥ የስልክ ሳንቲም የሌለው ሰው ራቁቱን የወጣ የሚመስለው ጊዜ ነው። አስመራ ተወልጄ አዲስ አበባ በአማርኛ የተማርኩ በመሆኔ ሁለቱም ወገን "ተክሌ የኛ ነው" ብሎ ለሠርጉ ይጠራኛል፤ ሁለቱም ወገን የኛ ነው ስለሚለኝ ዋጋ ያስቀንሰኛል። የማንም አይደለሁም ብል ኖሮ ዛሬ ባለፎቅ ነበርኩ። ትከሻዬ ላይ የዓመት ጠቦት የሚያክል ካሜራ፣ ወገቤ ላይ ጡብ የሚያክል ባትሪ፣ ላዬ ላይ ከብሪክስተን ገበያ የገዛሁት፣ ዝናብ ሲነካው እንደ በግ የሚሸት የቆዳ ጃኬት። ፀጉሬ አፍሮ ነው። የሸሚዜ ኮሌታ ደግሞ ነፋስ ቢያገኘው ያበርረኝ ነበር። ሠርጎቹ ላይ ሙሽራውን የሚያይ ሰው የለም፣ ሁሉም እኔን ነው የሚያየው ብዬ አምን ነበር። ዛሬ ካሴቶቹን ሳያቸው ማንም አያየኝም፤ የሚያዩት ካሜራውን ነው።

አዳራሾቹ ደግሞ! ባተርሲ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ የወለሉ ሰም ከዶሮ ወጥ ጋር ተቀላቅሎ የሚሸትበት። ዋይት ሲቲ የሰፈሩ መሰብሰቢያ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ማሞቂያ በየሩብ ሰዓቱ እንደ ሰው የሚያስለው። ስትሪትሃም ከአንድ መጠጥ ቤት በላይ ያለው ክፍል፣ እስክስታው ሲደምቅ ከታች በዱላ ጣራውን የሚደበድቡበት። ሙሽራው የጓደኛውን ሱፍ ተውሶ ስለሚመጣ አንዱን ግራጫ ሱፍ በአምስት ሠርግ አምስት ሰው ለብሶት ቀርጬዋለሁ። ኦርጋን የሚጫወተው ልጅ የሚያውቀው ሦስት ምት ብቻ ነው፤ የጎጃሙንም፣ የወሎውንም፣ የትግርኛውንም በነዚያው ሦስቱ ያስኬደዋል፣ ሰዉም አገር ቤት ያለ መስሎት ያለቅሳል።

ዋናው ሥራዬ ግን ሰላምታው ነበር። ለማያውቀው ላስረዳ። የእነዚያ ሠርጎች ካሴት የሚቀረጸው ለሙሽሮቹ አልነበረም፣ አገር ቤት ላሉት ነው። የሙሽራዋ እናት ልጇን ሲድሯት አላየችም፤ ካሴቱ ደርሷት፣ የቪዲዮ ዴክ ያለው ጎረቤት ተለምኖ፣ ሰፈሩ ተሰብስቦ ነው ሠርጉ ሠርግ የሚሆነው። ስለዚህ ኬኩ ከተቆረሰ በኋላ ማይክሮፎኑን ይዤ ጠረጴዛ በጠረጴዛ እዞራለሁ። ሰው ሁሉ ክራቫቱን ያስተካክልና "እንደምን ናችሁ፣ እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነን" ብሎ ይጀምራል። ለአንድ ጠረጴዛ አንድ ደቂቃ። የራሱን መንደር ሰው ሁሉ እየጠራ የሚያመሰግን አለ፤ "የላክሁት ጫማ ልክህ ሆነ?" ብሎ በሰው ሠርግ የራሱን ጉዳይ የሚጨርስም አለ። ምክንያቱም ካሴቱ ያ መንደር ከገባ ሁሉም ያየዋል። ዛሬ ልጆቹ ፖስት ማድረግ የሚሉትን እኛ ያኔ በስልክ ሳይሆን በተጓዥ ሻንጣ ነበር የምናደርገው።

ሴትየዋ የምትቀመጠው ከበሩ አጠገብ፣ ኮቶች ከሚሰቀሉበት ጥግ ነው። አረንጓዴ ሹራብ፣ ነጭ ነጠላ፣ እግሯ ሥር የፕላስቲክ ከረጢት፤ ከሥራ በቀጥታ የመጣች ትመስላለች። የሙሽራው ወገን የሙሽሪት ዘመድ ናት ይላል፣ የሙሽሪት ወገን የሙሽራው። ማንም ያልጠራት እንግዳ መሆኗን ለማወቅ ሁለቱ ወገኖች መነጋገር ነበረባቸው፤ እኛ ደግሞ በሰው እንግዳ ላይ "ማን ጠራሽ?" የምንል ሰዎች አይደለንም። ማይክሮፎኑ ሲደርሳት በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗን ዝቅ ታደርጋለች። እንደ ሌላው ሰው "እንደምን ናችሁ" አትልም።

"ሰናይት፣ ደህና ነሽ የኔ እናት?" ትላለች። ዝም። ታዳምጣለች። "እኔም ደህና ነኝ።" ቀና ትላለች። "ጥርስሽ ወጣ?" ዝም። ፈገግ። "ስንት?"

እንዲህ ነው። የምትጠይቀውን ትጠይቅና አንድ ልጅ አስቦ ለመመለስ የሚፈጅበትን ያህል ትጠብቃለች። ስትጠብቅ ዝም ብላ የምትጠብቅ አይደለችም፤ ትሰማለች። ቅንድቧ ከፍ ይላል፣ "አይ አንቺ" ትላለች፣ ያልተነገረ ቀልድ ላይ በሰዓቱ ትስቃለች። አንድ ጊዜ ባተርሲ ላይ እንዲህ ስታደርግ ካሜራዬን እንደያዝኩ ከኋላዬ ማን ቆሞ እንደሚያናግራት ለማየት ዞሬያለሁ። ግድግዳ ነው። ግድግዳውን ቀረጽኩት፣ ካሴቱ ላይ አለ፤ አምስት ሰከንድ ግድግዳ።

አሁን የማልኮራበት ነገር ይመጣል። ቀረጻው ካለቀ በኋላ ቤቴ ወለል ላይ ሁለት ዴክ በገመድ አገናኝቼ፣ አንዱን እያጫወትኩ በሌላው እየቀዳሁ፣ የማይፈለገውን እቆርጣለሁ። ካሴቱ ሦስት ሰዓት ነው፣ ሠርጉ አምስት። የመጀመሪያው ጊዜ የሙሽራዋ ወንድም መጥቶ "ጋሼ ተክሌ፣ ይቺን ሴት ማን አመጣብን? አማቶቻችን ከእብድ ጋር ተዛመድን ይላሉ" አለኝ። ቆረጥኳት። ሁለተኛው ጊዜ ማንም ሳይጠይቀኝ ቆረጥኳት። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። ረዳት ሆኖ የሚያግዘኝ ሰው ባይኖርም ለራሴ የምናገራት አንድ አባባል ነበረችኝ፣ ባለሙያ የሚያስመስለኝ። "ዝምታ ቴፕ ይበላል" እላለሁ፣ ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ። እሷ ግን በሚቀጥለውም ሠርግ ትመጣለች፣ በሁለት እጇ ትይዛለች፣ ልጇ ባለፈው የመለሰችላትን እያስታወሰች ከዚያ ትቀጥላለች። "አሁንስ ትምህርት ቤት ገባሽ?" ዝም። "ማን አጠገብ ነው የምትቀመጪው?" ዝም። "እሷ ጎበዝ ናት?" ስንት ዓመት እንዲህ እንደሆነ አላውቅም። የሆነ ጊዜ ላይ መምጣት አቆመች፤ ያቆመችበትንም ጊዜ አላስተዋልኩም። በበሩ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ነበር፣ እኔም ባትሪዬን አኖርኩበት።

ዋናዎቹን፣ ያልተቆረጡትን ካሴቶች አልጣልኳቸውም። ለታሪክ ብዬ እንዳልል ታውቁኛላችሁ፤ ባዶ ካሴት ውድ ስለነበር በላያቸው ልቀዳባቸው ነው። ሰነፍኩና አልቀዳሁም። አልጋ ሥር እንዳሉ እኔም አረጀሁ፣ ባለቤቴም ሞተች፣ ልጄ ሊያም አደገች። ሊያ እዚሁ ተወልዳ የሰፈሩ ማዘጋጃ ቤት፣ ካውንስል የምትሠራ፣ አርባን ልትደፍን ጥቂት የቀራት ሴት ናት። አምና አልጋውን ስታነሳ "አባዬ፣ ይሄ ሁሉ ፕላስቲክ ፋየር ሃዛርድ ነው፣ እሳት ይስባል" ብላ ወስዳ ወደ ስልክ የሚገለብጥ ሱቅ ሰጠቻቸው። ከዚያ ወዲህ ምን እንደሆኑ አልሰማሁም ነበር። ከአውቶቡሱ ወርጄ ሁለት ፌርማታ በእግሬ ስመለስ ደወልኩላት።

"ሊያ፣ ቪዲዮዬ አውቶቡስ ተሳፍሮ አገኘሁት።"

"ኦ፣ አየኸው? ልነግርህ ነበር! አባዬ፣ ኢት ኢዝ ሂዩጅ።"

"ምኑ ነው ሂዩጅ?"

"ሴትየዋ! ቆይ፣ መጥቼ ላሳይህ።"

መጥታ አሳየችኝ። ስልክ ለካ ፊት ይለያል። ካሴቶቹን ሁሉ በልቶ፣ ሰዉን በየፊቱ ለይቶ፣ አልበም ሠርቶ፣ ከዚያ አንድ ክብ ውስጥ የሴትየዋን ፊት አድርጎ "ይቺ ማናት? ስም ይስጧት" ብሎ ሊያን ጠየቃት። ሃያ ሦስት ካሴት ላይ አግኝቷታል። "እማዬ ራሷ ስድስት ላይ ብቻ ናት" አለችኝ ሊያ። ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና ይህን ብትሰማ መልአኩን አስፈቅዳ ትመጣብኝ ነበር። በእኔ ካሜራ ከማንም በላይ የታየችው ሰው ያቺ ሴት ናት፣ እኔ ደግሞ ፊቷን ረስቼዋለሁ። ስልኩ ማንም ሳያዘው ሁሉንም ገጣጥሞ፣ የፒያኖ ሙዚቃ ከሥሩ አንጥፎ፣ አራት ደቂቃ ፊልም ሠርቷል። ባተርሲ ላይ ትጠይቃለች፣ ዋይት ሲቲ ላይ ትስቃለች። ሹራቡ ያው አረንጓዴ ነው፤ ፀጉሯ ብቻ እዚያው ዓይናችሁ ሥር ይሸብታል። እኔ በዓመታት የቆራረጥኩትን አንድ ማሽን በአንድ ሌሊት መልሶ ሰፋው።

ኬክ ከሚቆረስበት ጠረጴዛ ኋላ፣ እኔ በጭራሽ ያላየኋት ቦታ ሁሉ አግኝቷታል፤ በመስታወት ውስጥ፣ በሙሽራዋ መጋረጃ ውስጥ አሻግሮ። አንደኛው ላይ ደግሞ ከአዳራሹ ውጭ ናት፤ መስኮቱ ላይ፣ ዝናብ ውስጥ፣ የፊት ቅርጽ። "ይሄኛው ኋላ የተደረገ ሠርግ ነው፣ መምጣት ካቆመች በኋላ" አልኳት ለሊያ። "ፎኑ አንዳንዴ ይሳሳታል" አለችኝ። ይሳሳታል ብለን ተስማማን።

"ታዲያ ለምን ለሰው አሳየሽው?"

"ልናገኛት ነዋ! ‘ማን እንደሆነች የሚያውቅ አለ?’ ብዬ ፖስት አደረግኩት። ሰዉ ግን…" ትከሻዋን ሰበቀች። "ሰዉ መመለስ ጀመረ።"

ሴትየዋ ዝም በምትልበት ቦታ ሌላ ሰው ራሱን ቀርጾ ጎኗ ይለጥፋል፣ እሷን ሆኖ ሳይሆን ሰናይትን ሆኖ። "ጥርስሽ ወጣ?" ስትል አንዷ ከሪያድ "አዎ እማዬ" ትላለች፤ "ስንት?" ስትል አንዱ ጢማም ከሜልበርን "ሠላሳ ሁለት፣ አንዱ ተነቅሏል" ይላል። የሚያሾፍ አለ፣ የምሩን የሚያለቅስ አለ፤ እናቷን ቀብራ በዚያው ሳምንት የመለሰች ልጅ አይቻለሁ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰናይቶች። ሊያ እያሳየችኝ ድንገት ቀና ብላ "አባዬ፣ ልጅቷ ግን እነዚህን ቴፖች አይታቸዋለች አይደል? እናትየዋ የምትለው ደርሷታል?" አለችኝ። እኔ ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሳሁ። ሕይወቴን ሙሉ ስንት ጥያቄ በሻይ አምልጫለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር ለጠላቴም አይሁን። ፀጉር አስተካካዩ ጋ ስቀመጥ ከመስታወቱ ሥር ካለው ስልክ "ደህና ነሽ የኔ እናት?" ትላለች። ዋይት ሲቲ ትልቁ የገበያ አዳራሽ ውስጥ በሚንቀሳቀሰው ደረጃ ስወጣ፣ ከሚወርዱት ወጣቶች አንዱ ለጓደኛው "ጥርስሽ ወጣ?" ይለዋል፣ ጓደኛው "ስንት?" ይለዋል፣ ተሳስቀው ይተላለፋሉ፤ ሰላምታ ሆኗል። ካናቴራ ላይ ተጽፎ አይቻለሁ። ግድግዳ የምትጋራኝ ጃማይካዊት ጎረቤቴ ሳህን ስታጥብ ድምፁ ግድግዳውን አልፎ ይመጣል፤ ከዚያ ዝም ይላል፣ እኔም በዚህ በኩል ሳህኔን ይዤ ዝም እላለሁ፣ መልሱን ስጠብቅ። ከሁሉ የከፋው ግን ፌርማታ ላይ ነው። ሰው ስልኩን ፊቱ ላይ ደቅኖ ይቆማል፣ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፣ ዓይኑን ዝቅ ያደርጋል፣ ማንም ያልተናገረውን ይሰማል። በአንድ መንገድ ላይ ሦስት አራት ሰው እንዲህ ቆሞ ስታይ፣ ያቺ በር አጠገብ የምትቀመጥ ሴት ከተማውን ለብሳው የምትሄድ ይመስልሃል። ያኔ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ስሟን የጠየቃት አንድ ሰው አልነበረም።

"እኔ ሰናይት ነኝ" የሚል መልእክት በየቀኑ ለሊያ ይደርሳት ነበር። ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ቃለ መጠይቅ የሚፈልግ፣ ዕድሜዋ ከካሴቱ የሚያንስ። አንድ ቀን ግን የአማርኛ መልእክት ከፍታ አነበበችልኝ። "እኔ ሰናይት ነኝ። ብዙ ሰናይቶች እንዳሉ አይቻለሁ፣ አልከራከርም። በየመንገዱ የምሰማው ሌሎች ሲመልሱላት ነው። ማንም ያልመለሰበት ካለ፣ እሱን አንድ ጊዜ ልስማው።" ሊያ ሳትጨርሰው ድምፅዋ ተቀየረ። እኔም አመንኳት። የሐሰት ሰናይት ዝምታ አይለምንም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መጣች። አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዛ፣ ጫማዋን በሩ ላይ ልታወልቅ ስትታገል "ግቢ ልጄ፣ ምንጣፉ ከጫማሽ በላይ ቆሽሿል" አልኳት። ከአርባ አልፋለች። ዋይት ሲቲ ስምንት ዓመት ኖራለች፣ ሆስፒታል ነው የምትሠራው። ስትቀመጥ ዓይኗን ዝቅ አደረገች፤ ያን ሳይ ከተቀበልኳት ብርቱካን አንዱን ጣልኩት።

"የእናቴ ስም ለምለም ነው" አለችኝ። "እዚህ የመጣሁ ጊዜ የማያውቃት ሰው አይኖርም ብዬ ነበር። የሚያውቃት አንድም አጣሁ። ሠርግ ትሄድ እንደነበር ብቻ ነው የማውቀው።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"አንድ ጊዜ አይቻታለሁ።" ፈገግ አለች። "ደሴ አያቴ ዘንድ ነው ያደግሁት። ሰባት ዓመቴ ነው፤ ጎረቤት መጥተው ‘እናትሽ በቴሌቪዥን መጥታለች’ ብለው ወሰዱኝ። የማላውቃቸው ሰዎች ሠርግ ነው፣ ቤቱ ሞልቷል። ‘ማን አጠገብ ነው የምትቀመጪው?’ አለችኝ። ‘ከአስቴር ጋር’ አልኳት። ‘እሷ ጎበዝ ናት?’ አለችኝ።" ሰናይት ቀና ብላ አየችኝ። "ሰማችኝ ማለት ነው። ጋሼ፣ እኔ እስከ አሥራ አምስት ዓመቴ እንደሰማችኝ ነበር የማምነው።"

ያን ካሴት አስታወስኩት። ሙሽራው የደሴ ልጅ ነው። የቀዳሁ ቀን ትልቅ የእግር ኳስ ግጥሚያ ነበር፤ ሁለቱን ዴክ አያይዤ፣ ሳልቆርጥ ሳልቀጥል ትቼው ኳስ ላይ ሄጄ ነበር። በሕይወቴ አንድ መልእክት በትክክል ያደረስኩት ሥራዬን ትቼ ስሄድ ነው።

"ከዚያ በኋላ ከለንደን የሠርግ ካሴት በመጣ ቁጥር ይጠሩኛል" አለች። "ሦስት ሰዓት ሙሉ እቀመጣለሁ። ሰላምታው ሲጀምር ወደ ቴሌቪዥኑ እጠጋለሁ። ጠረጴዛ በጠረጴዛ። አትመጣም። ሌላው ሰው ሁሉ ይመጣል፣ እሷ አትመጣም። የመለስኩላት መልስ አላስደሰታትም ብዬ አሰብኩ። አስቴር ሰነፍ ነበረች፣ እኔ ጎበዝ ናት ብዬ ዋሽቻት ነበር። በዚያ የተቀየመችኝ መሰለኝ።" ብርቱካኑን ከወለሉ አንስታ በጣቶቿ አሻሸችው። "አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ መርዶ መጣ።"

ስልኩ እናቷን በመስኮት ያገኘበት ሠርግ ከዚያ በኋላ ነው። አልነገርኳትም። ሌላውንም፣ ልነግራት ይገባኝ የነበረውን፣ አልነገርኳትም። አፌን ከፈትኩና ከውስጡ የወጣው "ሻይ ላፍላ" ነው።

አሮጌው ዴኬ አሁንም ይሠራል፤ ዕድሜያችን ከሞላ ጎደል አንድ ስለሆነ እየተነፋነፈ ይሠራል። ሱቁ ከመለሳቸው ካሴቶች እናቷ ያለችበትን የመጨረሻውን፣ ዋናውን፣ ሙዚቃም ሰውም ያልተጨመረበትን አጎረስኩትና ቁልፎቹን አሳይቻት ወደ ጓዳ ገባሁ። ማንቆርቆሪያውን ለኮስኩ። ግድግዳው ስስ ነው። መጀመሪያ የማውቀውን ድምፅ ሰማሁ። "ሰናይት፣ ደህና ነሽ የኔ እናት?" ዝም አለ። ከዚያ ሌላ ድምፅ "ደህና ነኝ" አለ። "እኔም ደህና ነኝ" አለ የመጀመሪያው። እጄ ስኳሩ ላይ ቀረ። "ፀጉርሽን ማን ይሠራሻል?" "አያቴ።" "ታዲያ ያምሻል?" "ትንሽ።" "አይ አንቺ።" አንዷ ሳቀች፣ ሌላዋም ሳቀች፣ እኩል። የአርባ ዓመቷ ሴት ድምፅ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ የትኛዋ እንደምትጠይቅና የትኛዋ እንደምትመልስ መለየት አቃተኝ። ማንቆርቆሪያው እየፈላ ነበር፤ ድምፁ እንዳያቋርጣቸው አጠፋሁት።

ከዚያ ሦስተኛ ድምፅ ሰማሁ። የወንድ ነው። ወጣት፣ ደስ ያለው፣ ሳቅ የተቀላቀለበት። ሰው ገባብን ብዬ ደንግጬ ትሪውን እንደያዝኩ ወጣሁ።

ክፍሉ ውስጥ ከሰናይት በቀር ማንም የለም። ካሴቱን ትንሽ መልሳ አቁማዋለች። ቴሌቪዥኑ ላይ እናቷ ማይክሮፎኑን ከአፏ አርቃ፣ ዓይኗን ከዝቅታው አንስታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥታ ወደ ሌንሱ ታያለች። ምስሉ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ሌንሱ የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ እኔ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ።

"‘ወንድሜ፣ ይሄ ይደርሳታል አይደል?’ አለችው" አለች ሰናይት፣ እያየችኝ። "የሚመልስላት ድምፅ የእርስዎ ነው?"

ድምፄን ረስቼው ነበር። የተናገርኩትንም ረስቼው ነበር። "የእኔ ነው" አልኩ።

ሰናይት ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ጠበቀች። እናቷም ከዚያ ሆና ጠበቀች፤ ሁለቱም አንገታቸውን ወደ አንድ ወገን ዘንበል አድርገው። ቀልድ ፈለግሁ፣ የቀረኝ አንድም የለም። ሻዩም አልፈላም።

"አልደረሳትም" አልኩ። "ቆርጬሻለሁ። በየካሴቱ ቆርጬሻለሁ። ልጅሽ ምንም አላጠፋችም።" ለሰናይት አልነበረም የምናገረው፤ ለቴሌቪዥኑ ነው።

ሰናይት ወደ ዴኩ ዞረች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ቁልፉን ተጫነችው። ምስሉ ተንቀሳቀሰ፤ ወጣቱም ከካሜራው ኋላ "ምን ጥያቄ አለው እህቴ፣ በዚህ ሳምንት ደሴ ገብቶልሻል!" አለ። ለምለም እስኪጨርስ አዳመጠችው። ከዚያ ፈገግ ብላ፣ ዓይኗን ከእኔ ሳታነሳ፣ "እግዜር ይስጥህ ወንድሜ" አለችኝ።